ጥሩ የሸክላ ቴኒስ ሜዳ በምን ይታወቃል? ከሥሩ ጀምሮ እስከ ላይኛው ዱቄት መፈተሻ

ብዙ ሰው የሸክላ ሜዳን በቀለሙ ይመዝነዋል። ቀይ ከሆነና ዳር ዳሩ ከጸዳ «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። ቀለም ግን ስለ ሜዳው የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የማድሪድ ውድድር በሰማያዊ ሸክላ ላይ ተካሂዶ ነበር። ቢጫዋ ኳስ በቴሌቪዥን ቁልጭ ብላ እንድትታይ ታስቦ ነው። በእርግጥም ታየች። ተጫዋቾቹ ግን እግራቸው እየከዳቸው ተማረሩ። ናዳልም ጆኮቪችም ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ ወደ ቀዩ ተመለሰ። ዋናው ስሞታ ስለ ቀለሙ አልነበረም፤ ሜዳው ያንሸራትታል የሚል ነበር።

ጥሩ የሸክላ ሜዳ ሦስት ነገር አለው። ሥሩ ውሃ የሚያሳልፍና የማይሰምጥ ነው። አካሉ የተጠቀጠቀና እርጥበት የያዘ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ስስ የሆነ ልቅ ዱቄት አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሦስቱ ዋናው እርጥበቱ ነው። ውድ ዱቄት የተነሰነሰበት ሜዳ ደርቆ ሲቦንን፣ ተራ ዱቄት ያለው ሜዳ በአግባቡ ውሃ ስለሚጠጣ ብቻ ሲያስደስት ይታያል።

ይህ መመሪያ ሜዳ ለሚያስተዳድር፣ ለሚያሠራ ወይም የሚጫወትበትን ሜዳ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ 3 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ቢላ፣ የሚያሳይ ጠርሙስ፣ የውሃ ጎማና ሁለት ሦስት አዲስ ኳስ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ዓይነት ሸክላ ነው?

«ሸክላ ሜዳ» ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ዓይነቱን ሳያውቁ መፈተሽ ትርፉ ድካም ነው።

አንደኛው የተፈጥሮ አፈር ነው። የሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ፣ ተስተካክሎ ይሠራል። ርካሽ ነው። ዝናብ ሲመታው ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ውሃው ወደ ታች ስለማይወርድ ፀሐይን መጠበቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው የተፈጨ ጡብ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ይህ ነው፤ የፈረንሳይ ኦፕን ውድድር የሚካሄድበት የፓሪሱ ሮላን ጋሮስም የሚሠራው በዚሁ ነው። አጀማመሩን በተመለከተ በሰፊው የሚነገር ታሪክ አለ። በ1880 አካባቢ እንግሊዛውያኑ ቴኒስ ተጫዋቾች የሬንሾ ወንድማማቾች በፈረንሳይዋ ካን ከተማ ውስጥ ፀሐይ ያቃጠለው የሣር ሜዳቸውን በተፈጨ ሸክላ ሸፈኑት ይባላል። ዛሬ የምናየው ቀይ ሜዳ የዚያ መላ ልጅ ነው።

ሦስተኛው አረንጓዴው ሲሆን በአሜሪካ «ሃር-ትሩ» በሚለው የንግድ ስሙ ይታወቃል። ይህ ጡብ ሳይሆን የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ እንዲያያዝ ጂፕሰም ይጨመርበታል። ከቀዩ ትንሽ ይጠነክራል፣ ትንሽም ይፈጥናል። የአሜሪካው ትልቅ ውድድር ዩኤስ ኦፕን ከ1975 እስከ 1977 የተካሄደው በዚህ ላይ ነበር።

ከዚህ በታች የማወራው በዋናነት ስለ ቀዩ ነው። አረንጓዴው ላይም አብዛኛው ነገር ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ሥሩን እዩ

ከላይ የሚታየው ከሥር ባለው ላይ ነው የሚቆመው። ሮላን ጋሮስን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሜዳው በጠቅላላው ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ከታች ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ የድንጋይ ከሰል ቅሪት፣ ከዚያ የተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ዓለም የሚያውቀው ቀይ ዱቄት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! የቀረው ሁሉ የማይታይ ሥራ ነው።

ብዙ የክለብ ሜዳ ደግሞ ሌላ አሠራር አለው። ከጠጠሩ በላይ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተጠቀጠቀ የጡብ ንብርብር ይደረጋል። ሁለቱም ይሠራሉ። የማይሠራው ጥቁር አፈር ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ቀይ ዱቄት ነው። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩን ምንም ብታሳምሩት ከሥር እየተነሣ ያበላሸዋል።

ለማየት ከመስመር ውጪ፣ ወደ አጥሩ ጥግ ሂዱ። በቢላ ወይም በትንሽ አካፋ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ። ቀዩ ስንት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል? ከሥሩ ጠጠር አለ ወይስ አፈር? ጠጠሩ ንጹሕ ነው ወይስ በጭቃ ተደፍኗል? ጭቃ ከሞላው የውሃ መውረጃው ተዘግቷል ማለት ነው።

ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ አፍስሱና ጠብቁ። ደህና ሜዳ ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ውሃው እንደቆመ ከቀረ ክረምቱ ላይ ምን እንደሚገጥማችሁ አሁኑኑ አወቃችሁ። ሲጨርሱ ጉድጓዱን በየንብርብሩ እያጠጡና እየጠቀጠቁ መመለስ አይረሳ።

የሜዳውን ዙሪያም እዩ። ከላይ በኩል ከፍ ያለ መሬት ካለ ጎርፉ ሜዳው ላይ እንዳይወርድ የሚቀበለው ቦይ ያስፈልጋል። ዛፍም አጠገብ ካለ ሁለት ጣጣ አለው። ሥሩ ሜዳውን ያነሣዋል፣ ጥላው ደግሞ አንዱን ጥግ ሁልጊዜ እርጥብ አድርጎ ያስቀረዋል።

ደረጃ 2፦ ተዳፋቱንና ልኩን ለኩ

ሜዳው ለዓይን ጠፍጣፋ ይመስላል፤ መሆን ያለበት ግን በጣም ትንሽ ዘንበል ያለ ነው። ለሸክላ በየ3 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መውረድ ይበቃል። ዙሪያውን ጨምሮ የተለመደው የሜዳ ስፋት 18.29 ሜትር ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ታገኛላችሁ። በኮንክሪትና በአስፋልት ሜዳ ላይ ተዳፋቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሸክላ ላይ እንደዚያ ከተደረገ ግን ውሃው ሲሮጥ ዱቄቱን ይዞት ይሄዳል።

ሌላው ነገር ተዳፋቱ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ከጎን ወደ ጎን፣ አለዚያም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ። መረቡ ጋ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱም በኩል የሚወርድ ሜዳ ጨዋታውን ያዛባል። መረቡ ጋ ዝቅ ያለው ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው የሚሄድበት የለውም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሲባጎ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ወጥራችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉ። በየ3 ሜትሩ ከሲባጎው እስከ መሬቱ ያለውን ለኩና ጻፉ። ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚጨምር ከሆነ ጥሩ ነው። ጨምሮ፣ ቀንሶ፣ መልሶ ከጨመረ መሐል ላይ ጉብታ ወይም ጎድጓዳ አለ።

ከዚያ የአልሙኒየም ዘንጉን መሬት ላይ አጋድሙት። እኔ የምይዘው መለኪያ በ3 ሜትር ዘንግ ሥር ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት እንዳይኖር ነው። ሁሉንም ቦታ መለካት አያስፈልግም። ቤዝላይኑ (የኋላኛው መስመር) መሐል ላይና ከጀርባው አንድ ሜትር ያህል ያለውን ቦታ ለኩ። ተጫዋች ሁሉ ቆሞ የሚፈትገው እዚያ ስለሆነ ቀድሞ የሚጎደጉደው እሱ ነው። መረቡ አጠገብ ያለው ቦታ በአንጻሩ ብዙም አይነካም፤ ከዓመት ዓመት ዱቄት እየተከማቸበት ከፍ ይላል።

ብዙ ጊዜ የማይታይ ሌላ ችግር አለ። ሜዳው ለማስተካከል በመረብ ሲጎተትና ሲጠረግ ዱቄቱ ወደ አጥሩ ዳር ይገፋል። እዚያ ተጠራቅሞ ግድብ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ተዳፋቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ውሃው መውጫ ያጣል። ሜዳው ውሃ እየቋጠረ ካስቸገራችሁ መላ ሜዳውን ከማፍረሳችሁ በፊት ዳር ዳሩን በአካፋ ጠርጉት። ግማሹ ችግር እዚያው የሚያልቅበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 3፦ ዱቄቱን በእጅ ፈትሹ

ጥቂት ዱቄት አንሡና በጣቶቻችሁ መሐል እሹት። ሻከር ማለት አለበት። የደቀቀውም ሸካራውም ተደባልቆ መገኘት አለበት። ለላይኛው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ትልቁ ቅንጣት ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ሁሉም የላመ ከሆነ ሲደርቅ ነፋስ ይወስደዋል፣ ሲርስ ደግሞ ይላቁጣል፤ ቀዳዳዎቹንም ደፍኖ ውሃ ይከለክላል። ሁሉም ሸካራ ከሆነ ደግሞ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ አይያያዙም፤ ከጫማ ሥር ይንከባለላሉ። የድብልቁ ጥቅም ደቃቁ በሸካራው መሐል ገብቶ ማሰሩ ነው። የቅንጣቱ ቅርጽም ያው ነው። የተፈጨ ጡብ ጠርዝ አለው፤ ጠርዝ ለጠርዝ ይነካከሳል። የወንዝ አሸዋ ግን በውሃ ተሽቶ ክብ ስለሆነ አይጨበጥም። ርካሽ ነው ብለው አሸዋ የሚቀላቅሉ አሉ። ተዉት፤ በኋላ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይከብዳል።

የጠርሙስ ፈተናም አለ። ሩብ ያህል ዱቄት ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ በደንብ በጥብጡና አስቀምጡ። ሸካራው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ቀስ እያለ በላዩ ይተኛል። ሁለቱም በግልጽ ከታዩ ደህና ነው። ውሃው ለሰዓታት እንደደፈረሰ ከቀረ አፈር ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ዱቄት ስትገዙ ጡቡ እንዴት እንደተቃጠለ ጠይቁ። በደንብ ያልበሰለ ጡብ በአንድ ወቅት ውስጥ ወደ ጭቃ ይመለሳል። ከልክ በላይ የተቃጠለው ደግሞ እንደ መስታወት ጠንክሮ ውሃ አይጠጣም። ከፈረሰ ግንብ የመጣ ጡብ ከሆነ ሲሚንቶ እንዳለበት እዩ። ሲሚንቶ ያለበት ዱቄት ከረጠበ በኋላ ሊጠነክርና ሊጋገር ይችላል፤ ሸክላ ሜዳ ላይ ያ አይፈለግም።

ደረጃ 4፦ እርጥበቱን ፈትሹ

ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ሸክላ ሜዳን አንድ ላይ የሚይዘው ውሃ ነው። በቅንጣቶቹ መሐል ያለው ስስ ውሃ እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። ውሃው ሲጠፋ ማሠሪያው ይፈታል፤ ሜዳው ይቦንናል፣ ይቦረቦራል፣ ኳስ በየቦታው ሌላ ሌላ ትነጥራለች። ውሃው ሲበዛ ደግሞ ቅንጣቶቹ ይንሳፈፋሉ። ሜዳው ይለሰልሳል፣ ጫማ ይሰምጣል፣ ኳሷ ጭቃ ይዛ ትከብዳለች። በ2020 ሮላን ጋሮስ ወደ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ተዛውሮ ነበር። ብርዱና እርጥበቱ ኳሱን አክብዶት ብዙ ተጫዋቾች «አይነጥርም» ሲሉ ተሰምተዋል። ሜዳው የተሠራበት ነገር ያው ነው፤ የተለወጡት አየሩና በዚያ ዓመት የተቀየረው የኳስ ዓይነት ነበሩ።

ፈተናው ቀላል ነው። ጠዋት፣ ጨዋታ ሳይጀመር፣ ከመስመር ውጪ በቢላ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆንጥራችሁ አውጡ። ከላይኛው ሳይሆን ከታችኛው ውሰዱና ጭብጥ አድርጉት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ መዳፋችሁን ግን ካላራሰ ትክክለኛው እርጥበት ላይ ነው። ከፈረሰ ደርቋል። ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል።

እዚህ ላይ የብዙ ሜዳ በሽታ ይገለጣል። ላዩ ጥቁር ቀይ ሆኖ ረጥቧል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስትሉ ግን አመድ ነው። ምክንያቱ አጠጣጡ ነው። ጎማውን ይዞ ቶሎ ቶሎ መርጨት ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ፀሐይ ስትወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተኖ ያልቃል። ከጊዜ በኋላ ላዩ እንደ ቅርፊት ይሆንና ከሥሩ ይላቀቃል። አንድ ኃይለኛ መንሸራተት ቅርፊቱን ገንጥሎ ያነሣዋል።

ስለዚህ አጠጣጡ ሁለት ዓይነት ይሁን። ማታ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ እስከ አካሉ ድረስ የሚወርድ ጥልቅ ማጠጣት። ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ በትነት የሚጠፋውም ትንሽ ነው። ቀን ላይ ደግሞ በጨዋታዎች መሐል ቀላል መርጨት፣ አቧራውን ለመያዝ ያህል። ማታ ስታጠጡ አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። ውሃው መጠራቀም ሲጀምር እለፉ፣ ዞራችሁ ተመለሱ። የጎማው አፍ ውሃውን እንደ ዝናብ የሚበትን መሆን አለበት። በጉልበት የሚወረወር ውሃ ዱቄቱን እያጠበ ጉድጓድ ይሠራል።

ቀለሙ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሜዳው ሲደርቅ ይገረጣል። ከከፍታ ወይም ከዳር ሆናችሁ ስታዩት አንዱ ቦታ ቀድሞ ከገረጣ ያ ቦታ ወይ ከፍ ያለ ነው፣ ወይ ሥሩ ሌላ ነው፣ ወይ ውሃው አይደርሰውም። ዘግይቶ የሚገረጣው ደግሞ ጎድጓዳ ነው። ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ ከማንኛውም ዕቃ የተሻለ የሜዳው ካርታ ይሆናችኋል።

ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለውን ጨው መነስነስ የተለመደ ነው። ከአየር እርጥበት እየሳበ ሜዳውን ያቆያል። ይጠቅማል፤ ነገር ግን በልኩ። ሲበዛ ላዩ ቅባት እንደነካው ያንሸራትታል፣ የመረብ ምሰሶና ሌላ ብረትም ያዝጋል። ለእኔ ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው። በጨው የሚድን ሜዳ ብዙውን ጊዜ በማታ ውሃ ይድናል።

ደረጃ 5፦ ኳሷን ጣሉ፣ ምልክቷን አንብቡ

ኳስ ሸክላ ላይ ለምን እንደምትዘገይና ከፍ እንደምትል ማወቅ ፈተናውን ቀላል ያደርገዋል። ኳሷ ስታርፍ ልቅ ዱቄቱን ወደፊት ትገፋለች። ፊት ለፊቷ በጣም ትንሽ ጉብታ ይሠራል። ሰበቃው ወደፊት ያላትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉብታው ደግሞ ወደ ላይ ያነሣታል። ቶፕስፒን (ኳሷን ወደፊት የሚያሽከረክር ምት) የሚመቱ ሰዎች ሸክላ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ናዳል ሮላን ጋሮስን 14 ጊዜ ያሸነፈው በአብዛኛው በዚያ ከባድ ሽክርክሪት ነው። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን ሜዳዎችን በፍጥነት በ5 ምድብ ይከፍላል። የፍጥነት ቁጥራቸው 29 እና ከዚያ በታች የሆኑት «ዝግ ያሉ» ይባላሉ፤ አብዛኛው የሸክላ ሜዳ እዚያ ነው የሚገባው።

አሁን አዲስ ኳስ ያዙ። ከትከሻችሁ ከፍታ ላይ ልቀቁት፣ አትወርውሩት። ቤዝላይኑ ጋ፣ ሰርቪስ ሳጥኑ (ሰርቭ የሚያርፍበት ክፍል) ውስጥ፣ ጥጎቹ ላይ እየተዘዋወራችሁ ድገሙት። የምትፈልጉት አንድ ዓይነት ከፍታ ነው። ድምፁንም ስሙ። ጥሩ የተጠቀጠቀ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ድምፁ የታፈነበትና ኳሷ የምትሞትበት ቦታ ላይ ዱቄቱ ወፍሯል ወይም ሥሩ ለስልሷል።

ከዚያ አንድ ሰው ከመረቡ ማዶ ሆኖ ጥሩ ምት ይምታ። እናንተ ምልክቱን እዩ። ጥርት ያለ፣ ሞላላ፣ ጥልቀት የሌለው መሆን አለበት። ጉድጓድ ከሠራ ልቁ ዱቄት በዝቷል ወይም ሜዳው ረጥቧል። ምንም ምልክት ከሌለ ዱቄቱ ተጠርጎ አልቋል። ምልክቱ ለዳኝነትም ይጠቅማል፤ አከራካሪ ኳስ ሲኖር ዳኛው ወርዶ የሚያየው እሱን ነው። የወንዶቹ ኤቲፒ ቱር ከ2025 ጀምሮ በሸክላም ላይ ኤሌክትሮኒክ መስመር ዳኝነት አስገብቷል። እኔና እናንተ በምንጫወትበት ሜዳ ላይ ግን ዳኛው አሁንም ዱቄቱ ነው።

ደረጃ 6፦ ተንሸራተቱበት

ይህን ፈተና ዕቃ አይተካውም። የሸክላ ጫማ አድርጉ፤ ሶሉ ዚግዛግ የሆነውን። ጥቂት እርምጃ ሩጡና ወደ ጎን ተንሸራተቱ። ጥሩ ሜዳ በዝግታ ይለቃችኋል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይይዛችኋል። የት እንደምትቆሙ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ድንገት የሚይዝ ሜዳ ለቁርጭምጭሚትና ለጉልበት አደገኛ ነው። ዱቄቱ ሳስቷል ወይም ከአካሉ ላይ ቁራጭ ተነሥቷል ማለት ነው። ጨርሶ የማይይዝ ደግሞ ከላይ ዱቄት በዝቶበታል፣ ወይም ሥሩ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሮ ዱቄቱን አልቀበልም ብሏል። ሮለር (መዳመጫ) አብዝተው የሚያዘወትሩ ሰዎች ሜዳ ላይ ይህ ይታያል።

ለልቁ ዱቄት ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። ተረከዛችሁን ጫን አድርጋችሁ አዙሩ። ዱቄቱ ተገፍቶ ጠንካራው አካል ቶሎ ከታየ ልክ ነው። ተረከዙ እየገባ ከሄደ አይደለም።

ደረጃ 7፦ መስመሮቹ

አጭር ነው። መስመሩ የተሰመረ ቀለምም ይሁን በምስማር የተመታ የፕላስቲክ ጥብጣብ፣ ከሜዳው ጋር እኩል መሆን አለበት። በእግራችሁ ዳሩን ፈትጉት። ጫማ ካደናቀፈ በዙሪያው ያለው ሸክላ ተበልቷል፤ መስመሩን ከመንቀል ሸክላውን መሙላት ይሻላል። ብቅ ያለ ምስማር ካለ ግን ጨዋታ ይቁም። ስለ ስፋቱ ደግሞ፦ ቤዝላይን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይፈቀድለታል፣ ሌሎቹ እስከ 5 ብቻ።

ጥራቱን ማቆየት

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ሜዳው ይጎተት። መጀመሪያ ጉድጓዶቹን በእግር ወይም በመሰቅሰቂያ ሙሉ፤ መጎተቻው መረብ ጉድጓድ አይሞላም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ከዚያ ከዳር ጀምራችሁ እየዞራችሁ ወደ መሐል ግቡ። ቤዝላይኑ ጋ አትቁሙ፤ እስከ አጥሩ አጠገብ ድረስ ውሰዱት። አቅጣጫውን በየጊዜው ቀያይሩ፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚጎተት ሜዳ ዱቄቱ ወደ አንድ ጎን ይሰደዳል። በመጨረሻ መስመሮቹን ጥረጉ።

ሮለር ሜዳው ሲረጥብ እንጂ ሲርስ አይደለም። ዱቄቱ ሮለሩ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ጠብቁ። አቧራ ካስነሣ ደግሞ አልፏል፤ አጠጥታችሁ ተመለሱ። አንድ ጊዜ በርዝመት፣ አንድ ጊዜ በስፋት። ዝናብ ካበቃ በኋላ ሜዳው ላይ ቶሎ መግባት ፈተና ነው። ተረከዝ ዱካ እስከሚያወጣ ድረስ ከሰመጠ ማንም እንዳይገባ አድርጉ። በለሰለሰ ሜዳ ላይ የተደረገ የአንድ ሰዓት ጨዋታ የሳምንት ጥገና ያስከትላል።

ጎድጓዳ ቦታ ሲገኝ ደረቅ ዱቄት ደፍቶ መሄድ አይሠራም። አሮጌው ጠንካራ ገጽ ላይ አዲሱ አይያያዝም፤ በሁለት ቀን ተጠርጎ ይወጣል። ቦታውን በመሰቅሰቂያ ጥርስ ጫር ጫር አድርጉ። አርጥቡት። አዲሱን ዱቄት በስሱ ጨምሩ፣ ጠቅጥቁ፣ አጠጡ። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ በሁለት ሦስት ንብርብር ድገሙት። ከዝናብ ወይም ከማጠጣት በኋላ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በእንጨት ጫፍ ዙሪያቸውን አስምሩ፤ ሲደርቅ የት እንደነበሩ አይጠፋባችሁም።

በዓመት አንድ ጊዜ ትልቁ ሥራ አለ። የሞተውን ዱቄት፣ ማለትም ደቃቁ በነፋስ ሄዶ ሸካራው ብቻ የቀረውን፣ ጠርጋችሁ አውጡ። የጠጠረውን ገጽ በስሱ ጫሩ። ተዳፋቱን እንደገና ለኩ። አዲስ ዱቄት ጨምሩ፣ አጠጡ፣ በሮለር መልሳችሁ መላልሳችሁ ሂዱበት። የአውሮፓ ክለቦች ጸደይ ሲገባ ለአንድ ሜዳ ከ2 እስከ 3 ቶን አካባቢ አዲስ ዱቄት ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ለጥቂት ቀናት ውሃ እየጠጣና እየተጠቀጠቀ ያለ ጨዋታ ይቆይ። መጨረሻ ላይ የመረቡን ቁመት መሐሉ ላይ ለኩ፤ መሬቱ ከፍ ስላለ 91.4 ሴንቲ ሜትሩ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል።